የቆሰለው አጋዘን የማን ነው?

ጎባ ላይ ለተሰበሰቡ ነባርና አዲስ የዱር እንስሳት ጠባቂዎች የተደረገ ንግግር

ክቡራን አባቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ዘንድሮ የደንብ ልብስ የለበሳችሁ ልጆቻችን፤ እንደምን አደራችሁ!

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «ከደቡብ አፍሪካ የአደን ቱሪዝም የሚቀሰም ልምድ» የሚል ነው። ስለ ገቢውና ስለ አስተዳደሩ እንድናገር ነው የሚጠበቀው፤ ከጊዜው ከተረፈኝ እርሱንም እነካካዋለሁ። ነገር ግን ከዚያ አገር ሆዴ ውስጥ ይዤው የተመለስኩት አንድ ነገር አለ። ለዓመታት ለማን ልንገረው ስል ኖሬአለሁ። ከእናንተ የበለጠ የሚገባው ሰው የለምና መጀመሪያ እርሱን ላውጣ።

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ባለበት ዲንሾ ስቀጠር ገና ጢሜ አልበቀለም ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ጥይቱ በየአቅጣጫው ሲንጣጣ፣ ጋይሳይ ሜዳ ላይ የወደቁትን አጋዘኖች በድን እየዞርን የቆጠርን ሰዎች ዛሬም እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለን። ከመካከላችን ያለቀሰም ነበር፤ ስሙን አልጠራም፤ እርሱ ራሱን ያውቃል። ለዲንሾ ልጅ፣ አጋዘን ሲወድቅ ማየት እንዴት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

በ1999 ዓ.ም. ኑሮ ገፍቶኝ ደቡብ አፍሪካ ወረድኩ። መጀመሪያ እንደ ብዙው ወገናችን ብርድ ልብስና መጋረጃ ተሸክሜ ከቤት ቤት በዱቤ ሸጥኩ። ከደንበኞቼ አንዱ በሰሜን በኩል፣ በሊምፖፖ ግዛት ለፋላሌ ከምትባል ከተማ ውጭ የአደን እርሻ ውስጥ የሚሠራ የፔዲ ተወላጅ ነበር። አንድ ቀን ከደጁ አፈር ላይ ያለውን የሚዳቋ ዳና አይቼ የየትኛው ጾታ እንደሆነና መቼ እንዳለፈ ስነግረው ሳቀ፤ በሳምንቱ ከአሠሪው ጋር አገናኘኝ። እንዲህ ሆኜ ዳና ተከታይ ሆንኩ። ጋይሳይ ያስተማረችኝ ሙያ ቆላ ወርጄ እንጀራ ሆነኝ።

እነርሱ ኩዱ የሚሉት እንስሳ የእኛው የቆላ አጋዘን ነው። ያው የተጠማዘዘ ቀንድ፣ ያው በጎኑ የወረደው ነጭ መስመር። የደጋ አጋዘናችን፣ በኦሮምኛ ገደምሳ የምትሉት፣ የቅርብ ዘመዱ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት የአገሬን ሰው መንገድ ላይ ያገኘሁ ያህል ደነገጥኩ።

ሐምሌ ላይ ነው። በዚያ ወቅት እዚያ ደረቅ ክረምት ነው፤ ጠዋቱ እንደ ሳነቴ አምባችን ባይሆንም እጅ ያደነዝዛል። ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ አዳኝ ተቀበልን። ጠመንጃ አልያዘም፤ ከትንሽ ሣጥን ውስጥ ያወጣው ትልቅ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነበር። በዚያ አገር ሕግ ጎብኚ ለአደን ሽጉጥ ይዞ መግባት ይችላል፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ለፖሊስ ፎርም ሞልቶ ጊዜያዊ ፈቃድ ይወስዳል። ሰውየው ጥፋት አልሠራም፤ ወረቀቱ ሙሉ ነበር። ለምን በሽጉጥ እንደሚያድን ስጠይቀው «ለመዝገብ ነው» አለኝ። ሳፋሪ ክለብ ኢንተርናሽናል በሚባለው ማኅበር የአዳኞች መዝገብ ውስጥ በሽጉጥ ለተገደለ እንስሳ ለብቻው ክፍል አለው። ስሙ እዚያ እንዲሰፍር ነው ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣው።

በሁለተኛው ቀን ማለዳ አንድ ትልቅ ወንድ አጋዘን እሾሃማ ቁጥቋጦ ሥር ቆሞ አገኘነው። ርቀቱ 70 ሜትር ይሆናል። ጀርባውን ሰጥቶ ሰያፍ ቆሟል። መሪያችን «ቆይ፣ ይዙር» ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠው። አልቆየም። ተኮሰ። አጋዘኑ ወገቡን ሰብሰብ አድርጎ ተጎብጦ ሮጠ።

የቆመበት ቦታ ደርሼ ተንበረከክሁ። ሣሩ ላይ ደም አለ። ልጆች፣ ይህን ከእኔ ያዙ፦ አረፋ ያለው ሮዝ ደም ከሆነ ሳንባ ነው፤ እንስሳው ሩቅ አይሄድም። እኔ ያነሣሁት ደም ግን ጠቆር ያለ ነው፤ ውስጡ በጣም የደቀቀ አረንጓዴ ቅጠል አለበት። በጣቴ አሽቼ አሸተትኩት። የጨጓራ ሽታ ነው። አብሮኝ ዳና የሚከተለውን ባልደረባዬን ቀና ብዬ አየሁት፤ እርሱም አየኝ። አልተነጋገርንም። ሆዱን የተመታ አጋዘን ቶሎ እንደማይሞት ሁለታችንም እናውቃለን።

እስኪመሽ ተከተልነው። ደሙ እየሳሳ ሄደ፤ ከዚያ ዳናው ብቻ ቀረ። ጀንበር ስትጠልቅ ተመለስን። ማታ እሳት ዳር ሰውየው ቢያዝንም ተረጋግቶ ነበር፤ ምክንያቱም የዚያ አገር የአደን ውል «ደም ከታየ ተከፍሏል» ይላል። የቆሰለና የጠፋ እንስሳ ዋጋው እንደ ተገደለ ይታሰባል። እርሱም ሙሉውን ከፈለ። በማግሥቱ ሌላ እንስሳ ሊያድን ወጣ፤ በተኮሰ በሦስተኛው ቀን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደ። የእርሻው ባለቤትም «ሒሳቡ ተዘግቷል፤ ሌላ እንግዳ አለብን» አለን።

ያ ሦስተኛው ቀን እሑድ ነበር፤ የዕረፍት ቀናችን ነው። እኔና ባልደረባዬ ማንም ሳያዘን ዳናውን ካቆምንበት ቀጠልን። ከሰዓት በኋላ አንድ ደረቅ ወንዝ ዳር፣ ግራር ሥር ተኝቶ አገኘነው። ሕይወቱ አልወጣም። ዝንቡ ጎኑን አልብሶታል። ሲያየን በፊት እግሮቹ ሊነሣ ሞከረ፤ ኋለኛው አልታዘዘውም። ደግሞ ሞከረ። ከዚያ አንገቱን አቅንቶ፣ ያን የሚያህል ቀንድ ተሸክሞ፣ ዝም ብሎ አየን። እኛ መሣሪያ አልነበረንም። ባልደረባዬ የእርሻውን ዘበኛ ጠመንጃ ይዞ እንዲመጣ ሊጠራ ሲሄድ እኔ ከአጋዘኑ ጋር ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥኩ። በስደት ካሳለፍኩት ዘመን ሁሉ ያችን ሰዓት የሚያህል የለም።

ወንድሞቼ፣ እስቲ ንገሩኝ፤ ያ አጋዘን በእነዚያ ሦስት ቀናት የማን ነበር? የገዛው ሰው አውሮፕላን ላይ ነው። የሸጠው ሰው ሒሳቡን ዘግቷል። እንስሳው ግን ዋጋው ተከፍሎለት፣ ሞቱ ሳይከፈለው፣ በሕይወት ያጣጥራል! ይህን ነው ልምድ ብዬ ላስተምራችሁ? አላስተምርም! አያቴ አዳኝ ነበሩ። ጎሽ ጥለው ፎክረዋል፤ ነገር ግን አቁስሎ የተመለሰ ሰው ከእሳት ዳር እኩል አይቀመጥም ይሉን ነበር። እርሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። ይህን ለመረዳት ፊደል አያስፈልግም!

ሽጉጥን ጠልቼ ብቻ እንዳልናገር ቁጥሩን እንየው። ለአደን የሚያዝ ትልቅ ስድስት ጎራሽ ማነጣጠሪያው ከኋላ እስከ ፊት 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እጅ ተንቀጥቅጦ በ1 ሚሊ ሜትር ቢስት፣ 50 ሜትር ላይ ጥይቱ 20 ሴንቲ ሜትር ይስታል። በትከሻና በሆድ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው። ጠመንጃ ሰደፉ ትከሻ ላይ ያርፋል፤ ሽጉጥ ግን ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚተኮሰው። ኃይሉንም ብናይ፣ 44 ማግነም የሚባለው ሽጉጥ ከ1,300 እስከ 1,600 ጁል (የጥይት ኃይል መለኪያ ነው) ይሰጣል፤ የተለመደ የአደን ጠመንጃ ደግሞ ወደ 4,000 ይጠጋል። ጎረቤታቸው ናሚቢያ ለኩዱ ቢያንስ 2,700 ጁል፣ ለጎሽና ለዝሆን 5,400 ጁል ብላ በሕግ ወስናለች፤ ለአደን ሽጉጥንም ጨርሳ ከልክላለች። ናሚቢያ የአደን ቱሪዝም የበዛባት አገር ናት፤ እንግዳ አልጠፋባትም!

ከ44 የሚበልጥ ኃይል ያላቸው ሽጉጦች እንዳሉ አውቃለሁ። ኃይሉ ሲጨምር ግን እጅ የሚመታውም ይጨምራል፤ እጁ እንደሚመታ የሚያውቅ ተኳሽ ደግሞ ቃታውን ሳይስብ በፊት ይሸሻል።

በሽጉጥ የሚያድን ሁሉ ጨካኝ ነው አልልም። አንድ አዛውንት መጥተው ነበር። አራት ቀን ዞርን፤ ሁለት ጊዜ 40 ሜትር ድረስ ተጠግተን አጋዘኑ አቋቋሙ ስላላማራቸው መሣሪያቸውን ወደ ማኅደሩ መለሱ። ባዶ እጃቸውን ወደ አገራቸው ሄዱ፤ ስሰናበታቸው እጃቸውን ስሜአለሁ። ነገር ግን የአጋዘን ዕጣ በእንግዳው ሕሊና ላይ ሊንጠለጠል አይገባም። ሕሊና በአውሮፕላን ማረፊያ አይፈተሽም። መሣሪያ ይፈተሻል።

እኛ የምንጠብቀው እንስሳ ደግሞ ኩዱ አይደለም። ኩዱ ከእኛ ቆላ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ አለ። የደጋ አጋዘን ግን ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም ምድር የለም። የአሥር ሳንቲማችን ላይ ያለው እርሱ ነው። የአርሲና የባሌ የአደን ቀበሌዎች ውስጥ የምትሠሩ ወንድሞቼ፣ ውል ሲጻፍ ሦስት ነገር እንዲገባ ጠይቁ። ሽጉጥ ለደጋ አጋዘን አይፈቀድ። የመሣሪያው ዝቅተኛ ኃይል በቁጥር ይጻፍ። ያቆሰለ አዳኝ እንስሳው እስኪገኝ ድረስ ከዳና ተከታዩ ጋር ይሂድ፤ ከፍያለሁ ብሎ ካምፕ አይቀመጥ! በእግሩ ይሂድ! እሾሁ እርሱንም ይውጋው!

ስለ ገቢው ቃል ገብቼ ነበር። ባጭሩ፣ እዚያ ያየሁት ዳና ተከታይ ከእኛ የተሻለ ጫማና አቅራቢ መነጽር አለው። እናንተ ዝናብ ውስጥ በምን ጫማ እንደምትውሉ አይቻለሁ። ከአደን ከሚገኘው ገንዘብ ለጠባቂው ልብስ የሚሆን እንዲመደብ ኃላፊዎቹ እዚህ ስላሉ እንዲሰሙኝ እለምናለሁ። 

አንድ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ያን አጋዘን ስንገፈው ጥይቱን ከማዶኛው ጎኑ፣ ከቆዳው ሥር አገኘሁት። ሆዱን ሰንጥቆ አልፎ እዚያ ጉልበት አጥቶ ቆሟል። ጫፉ እንደ እንጉዳይ ተደፍጥጧል፤ ከአውራ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም። በመሐረብ ጠቅልዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ወደ ምሳ ስታልፉ አንሡና በመዳፋችሁ መዝኑት፤ ስትጨርሱ ለዲንሾ ጽሕፈት ቤት እሰጠዋለሁ።