አፉ ያማረ ሁሉ ገብቶታል? የአድማጮች ጥያቄና የፍልስፍና መምህሩ መልስ

ከኮምቦልቻ፦ ይሄ እንደ ሰው የሚያወራው ማሽን፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት፣ ስሜት አለው?

አለው የሚያሰኝ ማስረጃ እስካሁን የለም። ወደ ቀጣዩ።

ከወልድያ፦ እንደ ሰው እያወራ፣ እየቀለደ፣ እንዴት አይገባውም ይባላል?

ይህን በሳምንት ሦስቴ እሰማለሁ፤ አይሰለቸኝም ብል ውሸት ነው። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አላን ቱሪንግ በፈረንጆቹ 1950 «ማሽን በጽሑፍ ሲያወራ ከሰው መለየት ካቃተን፣ ያስባል ብንልስ?» ብሎ ነበር። በ1980 አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሰርል እንዲህ ሲል ተቃወመ፦ ቻይንኛ የማያውቅ ሰው ክፍል ተዘግቶበት፣ «ይህ ምልክት ሲመጣ ያንን መልስ» የሚል መመሪያ እያየ ወረቀት በቀዳዳ ቢያወጣ፣ ውጭ ያለው ቻይናዊ «አቤት ሲችል!» ይላል። እሱ ግን አንዲት ቃል አልገባችውም።

እኛ ደግሞ ቻይና ድረስ መሄድ አያሻንም። ንባብ ቤት ያለ ልጅ ዳዊቱን በግእዝ ያንበለብለዋል፤ ትርጉሙን ስትጠይቁት ዓይኑን ያቁለጨልጫል። ቁርኣን ቤት ያለው ልጅም አረብኛውን እንዲሁ። ልጅ ግን አድጎ ዋድላ ቅኔ ቤት ይገባና ሰሙን ከወርቁ ይለያል። ማሽኑም እዚያ ይደርሳል የሚሉ ፈላስፎች አሉ፤ «ሰውዬው ባይገባውም ክፍሉ ከነመመሪያው ገብቶታል» የሚሉም አሉ። ክርክሩ አልተዘጋም፤ እኔ ግን ከሰርል ጋር ነኝ። አፉ ስላማረ አትመኑት።

ከመርሳ፦ ላሜ ስሟን ስጠራት ትዞራለች። እሷስ ይገባታል?

ላምህ ይርባታል፤ ጥጃዋ ሲጠፋባት ትጮኻለች። ከማሽኑ ይልቅ እሷን አምናለሁ።

ከደሴ ፒያሳ፦ ልጄን ሲያተኩሰው ስልኬ ላይ ያለውን ማሽን ጠይቄ መድኃኒት እሰጠዋለሁ። እስካሁን ምንም አልሆነም፤ ጥፋት አለው?

አለው እህቴ! «እስካሁን» ያልሽው ነው ያስደነገጠኝ። በቀደም አንዲት እናት ስልኳን አሳየችኝ፤ «ሁለት ማንኪያ ይስጡት» ይላል። የሻይ ማንኪያ ነው የወጥ? አልተናገረም። የልጁን ክብደትም አልጠየቀም። የፓራሲታሞል ሽሮፕ አንዱ ጠርሙስ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ይይዛል፣ ሌላው 250፤ ከእጥፍ በላይ ነው። የትኛው እጅሽ ላይ እንዳለ ማሽኑ በምን ያውቃል?

ይሄ ማሽን ካነበበው የጽሑፍ ክምር ተነስቶ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ይገምታል። በአማርኛ ያነበበው ደግሞ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያይ ጭልፋ አይሞላም። ሲያውቅም ሲገምትም አነጋገሩ አንድ ነው። ሐኪም ሲጠራጠር ፊቱ ላይ ታነቢዋለሽ፤ «ቆይ እስቲ፣ ልየው» ይላል። መንገድ ስትጠይቁት «አላውቅም» ማለት የሚያፍር ሰው አላጋጠማችሁም? እጁን ወደ ጦሳ ተራራ ይቀስርላችኋል፤ ዳገቱን የምትወጡት እናንተ። ማሽኑ እሱን ነው።

ልጁን ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ ጠርሙሱንም ያዢ። አፉ ስላማረ አትመኚው ብያለሁ፤ ነገም እላለሁ።

ከሐይቅ፦ የማዋየው ሰው የለኝም፤ ሌሊት ሌሊት ከማሽኑ ጋር አወራለሁ። እንቅልፍም አጣሁ።

ብቻህን አይደለህም ወንድሜ። በ1966 የኮምፒውተር ሊቁ ጆሴፍ ዋይዘንባም የተናገርከውን ገልብጣ የምትጠይቅህ ኤሊዛ የምትባል ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ሲሠራት ያየች የገዛ ጸሐፊው እንኳ ጥቂት እንዳወራቻት «እስቲ ውጣልኝ» አለችው። ስለ ማሽኑ ይህን ያህል አውቃለሁ። የእንቅልፉ ነገር ግን የእኔ ሙያ አይደለም፤ እኔ የማስተኛው ክፍል ውስጥ ያሉ ተማሪዎቼን ብቻ ነው። የአእምሮ ሐኪም ጋ ሂድ፤ ዛሬ ነገ አትበል።