ብርድ የማያውቀው ወይን በሸዋ ሮቢት እንዴት ይተኛል?

(ምስል፦ ከጣርማ በር ወደ ታች የሚጠማዘዘው መንገድ)

ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ደርባችሁ ተሳፈሩ። ጣርማ በርን አልፋችሁ፣ በደብረ ሲና ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ጋቢው ጉልበታችሁ ላይ ነው። ከ2,800 ሜትር ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርዳችኋላ! ለሰው ደስ ይላል። ወይንን ግን ግራ ያጋባዋል።

ወይን እንቅልፍ የሚወድ ተክል ነው። ብርድ ባለበት አገር ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ ሲሞቅ ዐይኖቹ (ቅርንጫፉ ላይ ያሉት እንቡጦች) አንድ ላይ ይፈነዳሉ። የሚፈልገው ብርድ ብዙ አይደለም። አንዳንድ የአፕል ዝርያ ከ7 ዲግሪ በታች 1,000 ሰዓት ገደማ ሲጠይቅ፣ ወይን 150 ሰዓትም ሊበቃው ይችላል። ሮቢት እሷንም አትሰጠውም።

«ደብረ ብርሃን እንትከለዋ!» እንዳትሉ። እዚያ የኅዳር ውርጭ ለጋውን ቀንበጥ ይለበልበዋል።

(ምስል፦ አንድ ቅርንጫፍ፣ በጣም ቀርቦ)

ይቺን ቅርንጫፍ እዩልኝ። ጫፏ ላይ ሁለት ዐይን ፈንድቷል። ከዚያ ወዲህ ያሉት ስድስቱ ድርቅ ብለው ቀርተዋል። ሳይተኛ የከረመ ወይን እንዲህ ነው፤ ጫፉ ይሮጣል፣ መሀሉ መላጣ ይቀራል።

ስለዚህ የብርዱን ሥራ ጥማትና መቀስ ይሠሩታል። ክረምቱ ሲወጣ ሦስት አራት ሳምንት ውኃ ከልክሉት። መረሬ (ጥቁር ሸክላ) አፈር እርጥበት ስለሚይዝ የክልከላውን ጊዜ ትንሽ አርዝሙበት። ቅጠሉ ቢጫ ሲል የቀረውን በእጅ አርግፉና ግረዙ። ከዚያ ጥግብ አድርጋችሁ አጠጡት።

አገራረዙ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሁለት ዐይን ብቻ ትቶ ይከረክመዋል። እንደ ቶምሰን ያለው ዘር አልባ ወይን ግን ከቅርንጫፉ ሥር ባሉት ዐይኖች ቅጠል እንጂ ዘለላ እምብዛም አይሰጥም። ባለፈው ወቅት የወጣ፣ እርሳስ የሚያህል ቅርንጫፍ ምረጡ። ከስምንት እስከ አሥር ዐይን ተዉለት። ከዚያ ጎንበስ አድርጋችሁ ሽቦው ላይ እሰሩት። ሲጎብጥ የጫፉ ጉልበት ይቀንስና የመሀሎቹም ይነቃሉ።

ትልልቅ እርሻዎች ዐይኑን ለመቀስቀስ ሃይድሮጅን ሲያናማይድ የሚባል ኬሚካል ይረጫሉ። ይሠራል፤ ግን መርዝ ነው። አልኮል ከጠጣ ሰው ጋር ደግሞ ጭራሽ አይስማማም። በዚያ ሰሞን ጠጅም ጠላም የለም ማለት ነው። ለጓሮ አምስት ግንድ እኔ አልመክርም።

ወሩንም አትሳቱ። እኔ አንድ ዓመት ቸኩዬ በግንቦት ገረዝኩ። አበባው የሐምሌ ዝናብ ላይ ወደቀ፤ ዘለላው ሻጋታ ለብሶ ለዶሮ እንኳ አልሆነም። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ብትገርዙ አበባው በደረቅ አየር፣ ኅዳር መጨረሻ አካባቢ ይወጣል። ከግርዛቱ እስከ ለቀማው አራት ወር ገደማ ስለሚፈጅ የካቲት ላይ ትለቅማላችሁ። የበልግ ዝናብ ከቀደማችሁ ግን የበሰለው ይሰነጠቃል። ቶሎ የሚደርስ ዝርያ ፈልጉ።

(ምስል፦ ከተቆረጠው ጫፍ የሚንጠባጠብ ውኃ)

ገርዛችሁ ካጠጣችሁ በኋላ ከተቆረጠው ጫፍ እንዲህ ጠብ ጠብ ቢል አትደንግጡ፤ በጨርቅም አትጠቅልሉት። ሥሩ ነቅቶ ውኃ እየገፋ ነው።