ፓስፖርቱ አለ፣ ኑሮውስ የት ነበር?

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም። የማወራው ስለ አንድ ቅጽ ነው። ቅጽ ምን ወሬ አለው የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እኔም እስክሞላው ድረስ እንደዚያ ነበር የማስበው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ልጄ የተወለደችው ለንደን ነው። እኔና እናቷ የብሪታንያ ዜግነት ያገኘነው እሷ ከመወለዷ በፊት ነው። በ2014 ዱባይ ሥራ አገኘሁ፤ የሁለት ዓመት ኮንትራት። ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሁለት ዓመት ምን አላት ብለን ቤታችንን አከራየን፤ የክረምት ካፖርቶቻችንን በካርቶን አሽገን ዘመድ ቤት አስቀመጥን፤ ሄድን። ኮንትራቱ ታደሰ። ደግሞ ታደሰ። እስካሁን አምስት ጊዜ ታድሷል። ካፖርቶቹ ዛሬም ካርቶን ውስጥ ናቸው፤ የልጅቷ ካፖርት ለሰባት ዓመት ልጅ የሚሆን ነው።

ልጄ በሴፕቴምበር 2025 ለሚጀምር ትምህርት፣ ኬሚስትሪ ለማጥናት፣ እንግሊዝ ውስጥ አመለከተች። ከዩኒቨርሲቲዎቹ አንዱ የመቀበያ ደብዳቤ ከመላኩ በፊት መጠይቅ ላከ። የአገር ውስጥ ተማሪ ናት ወይስ የውጭ? የአገር ውስጥ ተማሪ በዚያ ዓመት በእንግሊዝ ቢበዛ 9,535 ፓውንድ ይከፍላል። ለውጭ ተማሪ ጣሪያ የለውም፤ እሷ የመረጠችው ትምህርት በዓመት ከ30,000 ፓውንድ ያልፍ ነበር። በዚያ ላይ የአገር ውስጡ ተማሪ ክፍያውን ከመንግሥት ተበድሮ፣ ሥራ ይዞ ደመወዙ የተወሰነ መጠን ሲያልፍ ይመልሳል። የውጩ ተማሪ ይህ ብድር የለውም።

እኔ ፓስፖርቷን ስካን አድርጌ ልኬ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለካ ጥያቄው ሌላ ነው። ደንቡ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት፣ በእሷ ሁኔታ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ፣ መደበኛ ኑሮዋ ብሪታንያ ውስጥ ነበር ወይ ይላል። ዜግነት ያስፈልጋል፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

«መደበኛ ኑሮ» የሚለውን ሐረግ የተረጎመው የሎርዶች ምክር ቤት ነው፤ በ1982 መጨረሻ፣ ገና የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ሳለ። ዳኛው ሎርድ ስካርማን ያሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ አንድ ሰው በፈቃዱ፣ ለታወቀ ዓላማ፣ ለጊዜውም ቢሆን የዕለት ተዕለት ሕይወቱ አካል አድርጎ የያዘው ኑሮ መደበኛ ኑሮው ነው። የሚገርመው፣ በዚያ ክርክር የረቱት ከውጭ ለትምህርት የመጡ ተማሪዎች ነበሩ። ለእነሱ በሩን የከፈተው ፍቺ በእኔ ላይ ዘጋው። (ከዚያ በኋላ ደንቡ ተሻሽሎ፣ በዋናነት ለትምህርት ብሎ የተቀመጠ ሰው በዚያ ቆይታው እንዳይጠቀም ተደርጓል። ስለዚህ ልጅን ቀደም ብሎ አዳሪ ትምህርት ቤት መላክ መፍትሔ ይመስለው ለነበረ ወላጅ፣ ያም አያዋጣም።)

አንድ ቀዳዳ አለ። ወላጅ ለጊዜያዊ ሥራ ውጭ አገር ስለሄደ ብቻ ከአገር የራቀ ልጅ፣ እንዳልራቀ ሊቆጠር ይችላል። እኔም የተንጠለጠልኩት «ጊዜያዊ» በምትለው ቃል ላይ ነበር። መጠይቁም የሚያውጠነጥነው እሷኑ ነው። ለምን ሄዳችሁ? ኮንትራቱ ስንት ጊዜ ታደሰ? በየዓመቱ ስንት ቀን ብሪታንያ ውስጥ አሳለፋችሁ? ቤታችሁ ውስጥ ማን ይኖራል? በመጨረሻም፦ ለመመለስ ያቀዳችሁት መቼ ነበር?

ተናደድኩ፤ አልዋሽም። ስፔን የሚኖር አንድ ወዳጅ አለኝ፤ ከ2020 ማብቂያ በፊት እዚያ ይኖር ስለነበር፣ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣቷን ተከትሎ በወጣው የመሸጋገሪያ ደንብ ልጁ ትምህርቷን ከ2028 በፊት ከጀመረች የአገር ውስጥ ክፍያ ልታገኝ ትችላለች። እሱም ወጣ፤ እኔም ወጣሁ። አውስትራሊያ ደግሞ ዜጋዋ ውጭ አገር ቢያድግም መንግሥት የሚደጉመውን የዩኒቨርሲቲ ቦታ አትከለክለውም። እንዲህ እያልኩ ለሚስቴ ስዘረዝር፣ «በአሜሪካ እኮ ከጎረቤት ግዛት የመጣ አሜሪካዊ እንኳ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የበለጠ ይከፍላል» አለችኝ። ከዚያ ቀጠለች፦ «ዱባይ በደመወዝህ ላይ ግብር ከፍለህ ታውቃለህ?» አላውቅም። በዱባይ የደመወዝ ግብር የለም፤ ያ ደግሞ አምስቱንም ጊዜ ኮንትራት ስፈርም ከፊቴ ያልተለየ ሐሳብ ነው። ከለንደኑ ቤት ኪራይ ላይ ከምከፍለው በቀር፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለዚያ አገር ዩኒቨርሲቲ ያዋጣሁት ነገር የለም። ሚስቴ በዚህ ዓይነት ጉዳይ ላይ አትራራም።

ወደ መጨረሻው ጥያቄ ልመለስ። ለመመለስ ያቀዳችሁት መቼ ነበር? እኔ «በየዓመቱ ለመመለስ እናቅድ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። ልጄ ከትከሻዬ በላይ አነበበችው።

«አባዬ፣ ይሄ እውነት ነው?»

«በልባችን እናስብ ነበር።»

«እኔ ሲታሰብ ሰምቼ አላውቅም።»

ተቀየምኳት። ቅያሜው ግን እስከ ማታ አልቆየም። ከ2018 ወዲህ «ስንመለስ» ብዬ የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አንድም አላገኘሁ። ያን ዓመት ነው ትልቁን ሶፋ የገዛነው። ለጊዜው የተቀመጠ ሰው እንዲያ ያለ ሶፋ አይገዛም። የጻፍኩትን ሰርዤ «እስከ 2018 ድረስ ልንመለስ እናስብ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የያዝነው ቀን የለም» ብዬ ላክሁት።

መልሱ አራት መስመር ነበር፦ የውጭ ተማሪ። ውሳኔው የየዩኒቨርሲቲው ስለሆነ፣ በተመሳሳይ ወረቀት ሌላ ቦታ ሌላ መልስ ሊገኝ ይችላል፤ ይግባኝም አለ። አዲስ ማስረጃ ግን ያስፈልገዋል፤ እኔ ደግሞ ያለኝን ማስረጃ ሁሉ ጨርሻለሁ፤ ሶፋውን ጨምሮ።

ልጄ አሁን ዓይኗን ወደ ጀርመን አዙራለች። በአብዛኞቹ የጀርመን ግዛቶች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ተማሪንም የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ቋንቋውን በኮምፒውተር ጀምራለች። ትናንት ማታ በክፍሏ በር ሳልፍ የመጀመሪያውን ትምህርት ጮክ ብላ ስትለማመድ ሰማኋት። «የት ነው የምትኖሪው?» ይላታል ድምፁ። «ዱባይ ነው የምኖረው» ትላለች፤ አንዴም ሳትደናቀፍ።