ይህ አሮጌ ጠመንጃ ስንት ያወጣል?

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተጋደመ ረጅም ጠመንጃ]

ዋጋውን ከመጠየቃችን በፊት፦ ይሄ ጠመንጃ ጎርሷል? “የመቶ ስልሳ ዓመት ዕቃ ምን ያደርጋል” እንዳትሉ። ባሩድ እርጥበት ካላገኘው ዕድሜው ረጅም ነው። ከነጉርሻቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅለው የኖሩ ጠመንጃዎች አሉ።

[ምስል፦ ቀጭን እንጨት በአፈሙዙ ሲገባ]

ፊታችሁን ከአፈሙዙ ዞር አድርጉና ቀጭን እንጨት ወደ ውስጥ ስደዱ። የበርሜሉን መጨረሻ ሲነካ እንጨቱ ላይ አፈሙዙ ጋ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። አሁን አውጡትና ምልክቱን ከአፈሙዙ ጋር አስተካክላችሁ በርሜሉ ላይ በውጭ በኩል አጋድሙት። ጫፉ መዶሻው የሚያርፍበት ጉጥ ድረስ ከደረሰ ባዶ ነው። ሦስት አራት ጣት ካጠረ ውስጡ አንድ ነገር አለ። እጅ ሰብስቦ ባለሙያ መጥራት ነው።

[ምስል፦ የቃታው ጎን በቅርበት]

የዛሬው እንግዳችን የ1853ቱ እንፊልድ ነው፤ ዓመቱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር። በክራይሚያ ጦርነት መሐል ለእንግሊዝ ጦር መታደል የጀመረ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሰሜኑም ደቡቡም በብዛት ገዝቶ የታጠቀው። ቁመቱ 140 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የበርሜሉ ቀዳዳ ስፋት 14.7 ሚሊ ሜትር። ባሩዱም አረሩም በአፈሙዙ ይገባሉ፤ እሳቱን የምትሰጠው ጉጡ ላይ የምትቀመጥ የመዳብ ካፕ ናት።

ዋጋው የሚነበበው ከዚህ ጎን ነው። ከመዶሻው በስተኋላ ዘውድና ‘ቪ አር’ ካለ የንግሥት ቪክቶሪያ መንግሥት ንብረት ነበር። ከፊት ‘እንፊልድ’ ከተጻፈ ከመንግሥት ፋብሪካ የወጣ ነው፤ ክፍሎቹ በማሽን ስለተሠሩ የአንዱ ለሌላው ይገጥማል። ‘ታወር’ የሚለው ግን ያሳስታል። ብዙ የበርሚንግሃም ነጋዴዎችም ያንኑ ቃል ይመቱበት ነበር። የነሱ ጠመንጃ በእጅ የተገጣጠመ ስለሆነ ብሎኖቹ ላይ በሞረድ የተጫሩ ምልክቶች ታገኛላችሁ። ምልክቶቹ ከተመሳሰሉ ደስ ይበላችሁ፣ ክፍሎቹ አብረው የኖሩ ናቸው።

በርሜሉ ላይ በእንግሊዝኛ “ለጥቁር ባሩድ ብቻ” የሚል ካያችሁ ግን በቅርብ የተሠራ ቅጂ ነው። በዚያ ዘመን ሌላ ምን ባሩድ ነበርና!

[ምስል፦ ሁለት በርሜሎች፣ አንዱ ጠቆር ያለ፣ አንዱ የተወለወለ]

ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ወርሶ ወይም ገዝቶ ይመጣል፣ ብርጭቆ ወረቀት ያነሳል፣ እንደ ሰርግ ማንኪያ እስኪያብለጨልጭ ይፈትገዋል። ከጥቁረቱ ጋር የፋብሪካው ማኅተም፣ የተቆጣጣሪው ምልክት፣ የክፍለ ጦሩ ቁጥር አብሮ ይሄዳል። ሰደፉን ቫርኒሽ መቀባትም ያው ነው። የሚነሳ ቀይ ዝገት ካለ ዘይት በነካ ለስላሳ ጨርቅ አስቁሙት፤ ከዚያ በላይ አትንኩት። እኔ ብሆን የተሰነጠቀ ሰደፍ ያለውን ያልተነካ ጠመንጃ ከተፈተገው ጤነኛ አስበልጬ እገዛለሁ።

ለኛም ቅርብ ዕቃ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሥር የእንግሊዝ ወታደሮች የያዙት ስናይደር ይኸው እንፊልድ ኋላው ተቆርጦ በጥይት እንዲጎርስ የተለወጠው ነው። አብዛኞቹ የአፄ ቴዎድሮስ ተኳሾች ገና በአፈሙዝ ነበር የሚያጎርሱት። ጀኔራል ናፒዬር ሲመለስም ለደጃዝማች ካሳ፣ ኋላ አፄ ዮሐንስ ለሆኑት፣ መድፍና ጠመንጃ ትቶላቸው ሄዷል።

እንግዲህ አያት ቤት የተገኘ ቢኖር “አሮጌ ነው” ብሎ በሻንጣ ይዞ ከአገር መውጣት አያዋጣም። የጦር መሣሪያ አዋጁም የቅርስ አዋጁም ይመለከቱታል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በፌዴራሉ ሕግ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር እስከ 1898 የተሠራ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይታያል፤ የየስቴቱን ግን ለየብቻ ጠይቁ።

[ምስል፦ ሳንጃ፣ የአረር ቅርጽ ማውጫ፣ የካፕ ከረጢት፣ ትንሽ ሰንሰለት]

ተጓዳኝ ዕቃዎቹን አትናቁ። መጀመሪያ የሚጠፋው ባሩዱና አረሩ ወደ ውስጥ የሚጠቀጠቁበት ዘንግ ነው፤ በሌላ የተተካ ከሆነ ዋጋው ይወርዳል። ሳንጃው ከአፈሙዙ ጋር በትክክል መግጠም አለበት፤ ሲወዛወዝ ከታየ ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ነው። ይቺ በሰንሰለት የተንጠለጠለች ክዳን ደግሞ ወታደሩ ያለ ካፕ ሲለማመድ ጉጡ በመዶሻ እንዳይጎዳ የምትሸፍን ናት። አብዛኛው ጠመንጃ ላይ የለችም። ለብቻዋ ስትሸጥ ካገኛችሁ ተጠራጠሩ፤ አዲስ እየሠሩ የሚሸጡም አሉ።