ሌዘሩን ተዉትና መገጣጠሚያውን እዩ

እንደምን አረፈዳችሁ! ከሴራሚክ ላይ ቁስ እያነሳ ክሪስታል ላይ ስስ ድርብ ስለሚሠራልን ሌዘር ለመስማት እንደመጣችሁ አውቃለሁ። እውነትም ያምራል፤ በመስኮቱ ስታዩ በእያንዳንዱ ምት ከሴራሚኩ ላይ ነበልባል የመሰለ ነገር ቡልቅ ይላል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያ ነገር የሚያርፍበት ቦታ ነው።

አሠራሩን ባጭሩ ልበለውና ልለፍ። የሌዘሩ ምት ሃያ ናኖሰከንድ ገደማ ብቻ ስለሚቆይ በሴራሚኩ ውስጥ ያሉት ንጥረ ነገሮች ተራ በተራ ለመትነን ፋታ አያገኙም፤ አንድ ላይ ፕላዝማ (ኤሌክትሪክ የተሞላ የጋለ ጋዝ) ሆነው ይወጡና ፊት ለፊት ያለችው የጋለች ክሪስታል ላይ ይለጠፋሉ። ሌላ ድርብ ሲያስፈልግ ቫኪዩሙን (አየሩ የወጣለትን ክፍል) መክፈት የለም። ታርጌቶቹን፣ ማለትም ሌዘሩ የሚመታቸውን ሴራሚኮች፣ የያዘው ጎማ ዞር ይላል፣ ሥራው ይቀጥላል። ቀላል ነው አይደል?

እስቲ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2004 ኦቶሞ እና ህዋንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ስትሮንቲየም ታይታኔት በተባለ ክሪስታል ላይ ላንታነም አሉሚኔት የተባለ ሌላ ኦክሳይድ ደረቡ። ሁለቱም ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም። መገጣጠሚያቸው፣ ማለትም ሁለቱ የሚነካኩበት ገጽ፣ ግን አስተላለፈ! ያውም የታችኛው ክሪስታል ገጽ በታይታኒየም ኦክሳይድ ንጣፍ ካለቀ ነው፤ በስትሮንቲየም ኦክሳይድ ካለቀ ወፍ የለም። በኋላ እንደታየው ደግሞ የላይኛው ቢያንስ አራት ድርብ መሙላት አለበት፤ ይህም አንድ ናኖሜትር ተኩል ገደማ ነው። በሦስት አይሆንም።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ሌዘሩ ሳይበራ ነው። ክሪስታሏ በአሲድ ታጥባ፣ ምድጃ ውስጥ ግላ፣ ገጿ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ከዚያ ፊልሙ (የምንደርበው ስስ ድርብ) ሲሠራ ክፍሉ ውስጥ ያለው ኦክስጅን አለ። ካነሰ ስትሮንቲየም ታይታኔቱ የራሱን ኦክስጅን ያጣና እሱም ማስተላለፍ ይጀምራል፤ እናንተ መገጣጠሚያው ሠራ ብላችሁ ስታጨበጭቡ ጅረቱ የሚያልፈው ከታች በኩል ይሆናል። በዚህ ጉዳይ ተመራማሪዎች ብዙ ተከራክረውበታል። እኔ በበኩሌ ውጤቱ በጣም ጥሩ ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኦክስጅኑን ነው። ፊልሙን ኦክስጅን ውስጥ አቀዝቅዙትና እንደገና ለኩ።

ድርቡን መቁጠርስ? የኤሌክትሮን ጨረር ገጹን ገረፍ አድርጎ ሲያልፍ ስክሪኑ ላይ የምታዩት ነጥብ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል፣ መልሶ ይደምቃል። ይህ አንድ ዙር አንድ ድርብ ነው። አራት ሲሞላ አቁሙ።

አሁን ወደ ላቦራቶሪው እንሂድና በዓይናችሁ እዩት። መነጽር ያላደረገ ግን አይገባም።