ባለቤት ያጣ የመኳንንት ቤት በምን ይፈርሳል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዛሬው ዝግጅት በወሎ ስላሉት የድሮ የመኳንንትና የባላባት ቤቶች ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱን እንመልሳለን።

ከወረኢሉ የደወሉ አድማጭ፦ «ሽማግሌዎች በአገራችን ትልልቅ ግቢዎች እንደነበሩ ይነግሩናል። አሁን ያለው የድንጋይ ክምር ነው። ማን አፈረሳቸው?»

ብዙዎቹን ያፈረሳቸው ውሃ ነው። ውሃው እንዲገባ ያደረገው ግን የዘመኑ መለዋወጥ ነው። እነዚህ ቤቶች ከሹመትና ከመሬት ጋር የተያያዙ ነበሩ። ድንጋዩን ያጋዘው፣ ጥዱን የጠረበው፣ ክዳኑን በየጊዜው ያደሰው የገባሩ ጉልበት ነው። ሹመቱ ሲሻር ቤቱም ጠባቂ ያጣል። ንጉሥ ሚካኤል በ1906 ነግሠው በጥቅምት 1909 ሰገሌ ላይ ሲሸነፉ ከእሳቸው ጋር ብዙ የወሎ ሹማምንት ወደቁ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ፣ ቤቱን ይጠግን የነበረው ገቢ ተቋረጠ። ጽሕፈት ቤት ወይም መጋዘን የሆነ ቤት ተጠቃሚ አለው፤ ቆርቆሮው ሲያፈስ ጣሪያ ላይ የሚወጣለት ግን የለም።

አፈራረሱን ከአንዲት የቆርቆሮ ሚስማር እንጀምር። የሚስማሯ ጎሚኒ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ጠብታው በወራጁ ላይ እየተንሸራተተ ግንብ ውስጥ ወደተቀበረው ጫፍ ይወርዳል። እንጨቱ ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፤ ግንቡ ውስጥ የገባው ጫፍ ግን ይበሰብሳል። ለማወቅ ከፈለጉ እንጨቱን ከግንቡ ጋር በሚገናኝበት ቦታ በቀጭን ሚስማር ይውጉት፤ ያለ ትግል ከገባ በስብሷል። ጫፉ ሲከዳ ጣሪያው ያዘነብላል፣ የግንቡ አናት ይገለጣል፣ ዝናቡም ድንጋዩን የያዘውን ጭቃ አጥቦ ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮውም፣ በሩም፣ ጥዱም ተራ በተራ ይወሰዳል። ቀድሞ የሚሄደው ጥዱ ነው፤ ምስጥ ስለማይደፍረው ሁሉም ይፈልገዋል።

ከደሴ፦ «የቤተሰባችን አሮጌ የድንጋይ ቤት ልስኑ ተላጠ። ግንበኛው በሲሚንቶ እንለስነው ይላል።»

እባክዎ እንዳያደርጉት። ግንቡ በጭቃ የተያዘ ድንጋይ ስለሆነ ከመሬት የሚስበውን እርጥበት በልስኑ በኩል ማስወጣት አለበት። ሲሚንቶ ያፍነዋል። ውስጡ ያለው ጭቃ ይላላል፣ ግንቡ ሆዱን ይነፋል፣ በመጨረሻም ልስኑ ድንጋይ ይዞ ይወርዳል።

የሚስማማው ኖራ ነው። የተበጠበጠ ኖራ አንድ ባልዲ፣ ታጥቦ የተነፋ የወንዝ አሸዋ ሦስት ባልዲ። መጀመሪያ ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ይምቱ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ልስን ብቻ ያንሱ፣ አጥብቆ የያዘውን ይተዉት። ትልልቁን ቀዳዳ በድንጋይ ስባሪና በኖራ ይድፈኑ፣ ግድግዳውን ውሃ ያጠጡ፣ ከአንድ ሳንቲም ተኩል ባልበለጠ ውፍረት ይለስኑ። ሁለተኛውን ስስ ልስን ሳምንት ያህል ቆይተው ይጨምሩ። እንዳይሰነጠቅ በእርጥብ ጆንያ ይሸፍኑት፤ ፀሐይ ላይ የቸኮለ ኖራ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ክረምቱ እንደወጣ ጀምረው የደጋው ውርጭ ሳይበረታ ይጨርሱ። ኖራ ዓይን ያቃጥላልና ሠራተኛው መነጽርና ጓንት ያድርግ።

ከሁሉ በፊት ግን ጣሪያውንና አሸንዳውን ያስጠግኑ። ከላይ እያፈሰሰ ታች መለሰን ገንዘብ መጣል ነው።

ከሐይቅ፦ «ግንቡ ላይ ዛፍ በቅሏል፤ እንንቀለው?»

አይንቀሉት፤ ሥሩ ድንጋዩን ይዞ ይወጣል። ከግንቡ ጋር አስጠግተው ይቁረጡት፣ ባቆጠቆጠ ቁጥር ደግመው ይቁረጡት። ሥሩ ሲሞት ክፍተቱን በኖራ ይድፈኑ።

ከወልድያ፦ «የቀረው ፍርስራሽ ብቻ ነው። ድንጋዩን ለአጥር ብንወስደውስ?»

አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስን ከቦታው ለማንሳትም ሆነ ለማደስ ፈቃድ ይጠይቃልና መጀመሪያ የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ። እስከዚያው ሳይነካ ይመዝግቡት። የአንድ ሜትር እንጨት ግድግዳው ላይ አስደግፈው በየአቅጣጫው ፎቶ ያንሱ፣ የግንቡን ውፍረትና የበሮቹን ስፋት ይለኩ፣ ንድፉን በወረቀት ይሳሉ። ሽማግሌ ይዘው ይዙሩ፤ እልፍኙ፣ ግምጃ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ የትኛው እንደነበር በንድፉ ላይ ይጻፉ። አንዱን ቅጂ ለጽሕፈት ቤቱ ይስጡ፣ ሌላውን ቤትዎ ያስቀምጡ።