ከስትሮክ በኋላ መርፌው ምን ያደርጋል?

[ምስል፦ ከአፍንጫ ሥር የቆመች ቀጭን መርፌ]

ይህች መርፌ መድኃኒት አይሰጥባትም፤ ቀዳዳም የላትም። ውፍረቷ ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ነው። በቻይናዋ ቲያንጂን ከተማ ሐኪሙ ሺ ሹዌሚን እ.ኤ.አ. በ1972 ለስትሮክ ሕሙማን ባዘጋጁት የአኩፓንቸር (የሰውነት ነጥቦችን በቀጭን መርፌ እየወጉ የማከም) ዘዴ ከአፍንጫ ሥርና ከእጅ አንጓ ከፍ ብሎ በክንድ ውስጠኛው ጎን ያሉት ነጥቦች ከዋነኞቹ መካከል ናቸው። ከአፍንጫ ሥር ያለችው የሕመምተኛው ዓይን እንባ እስኪያቀርር ድረስ ትነካካለች። ምንም አልተሰማኝም የሚል ሰው ካለ በዚህ ዘዴ አልታከመም ማለት ነው።

[ምስል፦ የተዘጋ የአንጎል የደም ሥር]

በስትሮክ የሞተውን የአንጎል ክፍል መርፌ አያስነሣውም። የተረፈው ክፍል ግን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራውን እንደ አዲስ ይማራል። ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እጁ የዛለበት ሰው ከሳምንታት በኋላ ጣቱን ሲያንቀሳቅስ ምስጋናው ለማን ነው? ለመርፌው? ለፊዚዮቴራፒው? ወይስ ሳይወጋም ይድን ነበር?

[ምስል፦ ሁለት መርፌዎች ጎን ለጎን]

ይህን ለመለየት የውሸት መርፌ ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1998 ጀርመናውያን ሐኪሞች ያስተዋወቁት መርፌ ጫፉ ደነዝ ነው፤ ቆዳ ሲነካ ዘንጉ ተመልሶ እጀታው ውስጥ ይገባል። ሕመምተኛው ጠቅ ሲያደርገው ይሰማዋል፤ መርፌው አጥሮ ሲያየውም የተወጋ ይመስለዋል።

ኮክሬን የተባለው የምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ግምገማው 31 ጥናቶችን መረመረ። መርፌ ከመደበኛው ሕክምና ጋር ሲደረብ የተሻለ ውጤት የታየባቸው ነበሩ፤ አብዛኞቹ ግን በአሠራር ደካሞች ናቸው። እውነተኛው መርፌ ከውሸቱ ጋር በተነጻጸረባቸው ሁለት ጥናቶች በእንቅስቃሴም ሆነ በኑሮ ጥራት ልዩነት አልተገኘም። እኔ ከሁሉም በላይ የምመዝነው ይህንን ነው።

በዚያው ዓመት የወጣው የአሜሪካ የስትሮክ ተሐድሶ መመሪያ አኩፓንቸርን ለእጅ እንቅስቃሴ አልመከረም። ለመዋጥ ችግር ግን ከሌላው ሕክምና ጎን ሊሞከር ይችላል ብሏል። ምግብ ትን እያለው የሚቸገር ሰው ላለበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

[ምስል፦ የታሸገ መርፌ ሲከፈት]

መሞከር የሚፈልግ ሰው ፊዚዮቴራፒውን አያቋርጥ። መርፌው ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል፣ ዓይኑ እያየ ከማሸጊያው የሚወጣ ይሁን። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ከመወጋቱ በፊት ለባለሙያው ይንገር። ፊት ከተጣመመ፣ ክንድ ከዛለ ወይም አንደበት ከተሳሰረ ደግሞ የሚኬደው በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።